መኸር ሳያመልጥ፦ አዲስ የጤፍ መውቂያ ማሽን በአንድ ዓመት ሠርቶ ለማውጣት

በአብዛኛው ጤፍ አብቃይ አካባቢ አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ውቂያው ደግሞ እስከ ጥር ይዘልቃል። መውቂያ ማሽን ለሚሠራ ወርክሾፕ ዓመቱ ሙሉ የሚለካው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። ማሽኑ ኅዳር ላይ አውድማ ካልደረሰ፣ ወይም ደርሶ ካልሠራ፣ ቀጣዩ ፈተና ከዓመት በኋላ ነው።

የእኛ የመጀመሪያ ማሽን ኅዳር አጋማሽ ላይ ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ተጭኖ ሄደ። ነዶውን በጥርሶቹ እየመታ የሚወቃው ተሽከርካሪ ከበሮ ሥራውን አሳምሮ ሠራ። እብቁን በነፋስ የሚያበጥረው ማራገቢያ ግን ጤፉን ከእብቁ ጋር ጠራርጎ ወደ ጭዱ ክምር ላከው። ባለ አውድማው አዛውንት ከጭዱ በእፍኛቸው ዘግነው፣ እፍ ብለው እብቁን አራቁና መዳፋቸው ላይ የቀረውን ፍሬ አሳዩን። አንድም ቃል አልተናገሩም። እኛም ማሽኑን መልሰን ጫንን።

ስምንት ወር የደከምንበት ማሽን የወደቀው በአንዲት ጥያቄ ነው፦ ይህ ማራገቢያ ጤፍን ከእብቅ ይለያል ወይስ አይለይም? ጥያቄዋ በእንጨት ሳጥንና በጥቂት ኪሎ ጤፍ በሦስት ቀን ልትመለስ ትችል ነበር። እኛ ግን መጨረሻ ላይ፣ ያውም ገበሬው ፊት ጠየቅናት። ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት መንገድ የሚከተለው ነው። ቡና መፈልፈያ ወይም ወፍጮ ለሚሠራም ያገለግላል፤ ምሳሌዎቹን ግን ከማውቀው ከጤፍ አላወጣቸውም።

1. አንድ ገጽ ጻፉ፤ ቀጥሎ የማታውቁትን ዘርዝሩ

እርሳስና ማስመሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ማሽኑ ለማን እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ጻፉ። ብዙ ጊዜ መውቂያ የሚገዙት በኩንታል እያስከፈሉ ከአውድማ አውድማ የሚዞሩ ወጣቶችና ማኅበራት ናቸው። እነርሱ የሚፈልጉት በቀን ብዙ ኩንታል የሚወቃና ለማጓጓዝ የማያስቸግር ማሽን ነው። ጤፉ ግን የገበሬው ነው። ገበሬው የሚያየው ስንት ፍሬ እንደባከነ፣ ጤፉ ምን ያህል ንጹሕ እንደወጣና ጭዱ ምን እንደሆነ ነው። ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ለግድግዳ ምርጊትም ይፈለጋል። ጭዱን ዱቄት የሚያደርግ ወይም ናፍጣ የሚያሸት ማሽን በሁለተኛው ቀን ከአውድማው ይባረራል። ሁለቱም፣ ገዢውም ገበሬውም፣ በዚያ ገጽ ላይ መኖር አለባቸው።

ከዚህ ጋር ቀድሞ የተሠራውን እዩ። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በባኮና በአሰላም የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከላት፣ መውቂያዎች ለዓመታት ሲሠሩና ሲሞከሩ ኖረዋል። ሄዳችሁ ለኩ፣ ጠይቁ፤ በተለይ ምን እንዳልሠራላቸው ጠይቁ። ሌላው ሰው ሁለት መኸር የከፈለበትን ትምህርት በአንድ ከሰዓት በኋላ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡና ስለ ማሽኑ የምታስቡትን ሁሉ በሦስት ክፈሉት፦ ለክተን የምናውቀው፣ ገምተን የያዝነው፣ ጭራሽ የማናውቀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር በመቀላቀል ነው። «ማራገቢያው 900 ዙር ቢሆን ይበቃዋል» የሚለው የእኛ ዓረፍተ ነገር ለስምንት ወር እንደ እውቀት ተቆጥሮ ኖረ። ማንም የለካው አልነበረም።

2. ለእያንዳንዱ ግምት ቁጥር ስጡ፤ በቁጥሩ ግን አትታለሉ

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ ዕቃ በምን በምን መንገድ ሊበላሽ እንደሚችል አስቀድሞ የመመርመሪያ ሥርዓት በጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ በኋላ በአውሮፕላንና በመኪና ፋብሪካዎች ተስፋፋ። ለወርክሾፕ ሲቀልል እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሊደርስ ለሚችል ጥፋት ከ1 እስከ 10 ሦስት ነጥቦች ትሰጣላችሁ። አንዱ ለጉዳቱ ክብደት፣ ሁለተኛው ለመድረሱ ዕድል፣ ሦስተኛው ከወርክሾፑ ሳይታይ ለማምለጡ ዕድል ነው። ከዚያ ሦስቱን ታባዛላችሁ።

የእኛ ማራገቢያ ያኔ ቢመዘን ኖሮ ክብደቱ 8፣ የመድረሱ ዕድል 7፣ ወርክሾፕ ውስጥ ነዶ ስላልነበረን ሳይታይ የማምለጡ ዕድል 9 ይሆን ነበር። ሲባዛ 504 ነው። የቀለም መላላጥ 2 በ6 በ2፣ 24 ይሆናል። እኛ ግን ለቀለሙ አንድ ሳምንት ሰጥተን ለማራገቢያው አንድም ቀን አልሰጠንም።

ማባዛቱ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ነዶ የሚያጎርሰው ሰው እጅ ከበሮ ውስጥ የመግባቱ ጉዳይ 10 በ3 በ2፣ 60 ብቻ ይመጣና ከዝርዝሩ ታች ይቀመጣል። ይህ ሊሆን አይገባም። የአሜሪካና የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት መመሪያ ብዜቱን ትተው ለጉዳቱ ክብደት ቅድሚያ ወደሚሰጥ አሠራር የተሻገሩት ለዚህ ነው። የእኛ ደንብ አጭር ነው፦ ክብደቱ 9 ወይም 10 የሆነ ማንኛውም ነገር፣ ብዜቱ ምንም ይሁን፣ መፍትሔው ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይሣላል።

ዝርዝሩን ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች ጋር ሥሩ። አንዱ የግድ በያጁ ይሁን። በያጁ የማሽኑን መገጣጠሚያዎች ከማንም በላይ ያውቃቸዋል፤ ካልተጠየቀ ግን አይናገርም።

3. ነዶ ግዙና አስቀምጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የመኸር ችግር የሚመጣው ጥሬ ዕቃው በዓመት አንዴ ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ገና ያልተወቃ ነዶ ከገበሬ ግዙና በወርክሾፑ አስቀምጡ። ከዚያ መጋቢትም ይሁን ሰኔ፣ አውድማው እናንተ ዘንድ ነው።

ነዶውን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ጣሪያ ባለበትና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ከምሩት። በላስቲክ አፍኖ መሸፈን ያሻግተዋል። አይጥ አያጣውምና ድመት ካላችሁ መልካም ነው። ከተቻለ ከሁለት ቦታ፣ ሁለት ዓይነት ጤፍ ግዙ። እንደ ቁንጮ ያለ የተሻሻለ ዝርያና የአካባቢው ዘር በአገዳቸው ርዝመትም በአወቃቃቸውም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከዚያ ለአንድ ሙከራ የሚበቃውን እየመዘናችሁ እሰሩ፤ እኛ በ20 በ20 ኪሎ እናስራለን። ሁሉም ሙከራ በእኩል ክብደት ካልተሠራ ውጤቶቹን ማነጻጸር አይቻልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተቀምጦ የከረመ ነዶ ከአውድማው ነዶ የደረቀ ነው፤ በቀላሉ ይወቃል። ወርክሾፑ ውስጥ ጥሩ ውጤት ስታዩ ጥቂት ቀንሱለት። ጠዋት ጤዛ ያረጠበው ነዶ ከበሮ ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም የምታዩት ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

4. ማሽኑን ሳይሆን ጥያቄውን ሥሩ

ኦርቪልና ዊልበር ራይት እ.ኤ.አ. በ1901 በጋ የሠሩት ሞተር የሌለው ተንሸራታች አውሮፕላን የተጠበቀውን ያህል ሳያነሣቸው ቀረ። ወንድማማቾቹ ወዲያው ሌላ ትልቅ አውሮፕላን ወደ መሥራት አልሄዱም። ወደ ብስክሌት ሱቃቸው ተመልሰው 1.8 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ሳጥን ሠሩ፤ በአንዱ ጫፍ ማራገቢያ ገጠሙና ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን፣ ወደ 200 ያህል፣ ነፋሱ ውስጥ እያስቀመጡ ለኩ። በቀጣዩ ዓመት የሠሩት ተንሸራታች በዚያ መረጃ ላይ የቆመ ነበር፤ በረረም። አንድ ሙሉ አውሮፕላን ለመሥራት ወራት በሚፈጅበት ዘመን በአንድ ቀን ብዙ ክንፍ መሞከር ችለው ነበር።

የእኛም ሳጥን ከዚያ አይለይም። የምትሠሩት እንዲህ ነው።

ሁለት የፕላይውድ ግድግዳዎች አቁሙ፤ ስፋታቸው ማሽኑ ላይ የሚኖረውን ያህል ይሁን። አንዱን ጎን በመስታወት ወይም በጠራ ፕላስቲክ ብትዘጉት ፍሬው የት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በአንድ ጫፍ ማራገቢያውን አስቀምጡ፤ ነፋስ በሚስብበት አፉ ላይ ከላሜራ የተቆረጠ ተንሸራታች መዝጊያ አድርጉ። መሐል ላይ ወንፊቱን በቡሎን እሰሩ፤ ማዘንበያው እንዲቀያየር የቡሎኑን ቀዳዳ ረዘም አድርጋችሁ ቅደዱት። ከሌላው ጫፍ ውጪ መሬት ላይ ነጭ ሸራ አንጥፉ።

አንድ ኪሎ ንጹሕ ጤፍ መዝኑ። ከእብቅና ከተሰባበረ ጭድ ጋር ቀላቅሉና ከላይ በእኩል ፍጥነት አፍስሱ። ሸራው ላይ የወደቀውን ሰብስባችሁ አብጥሩና የወጣውን ፍሬ መዝኑ። መዝጊያውን አንድ ጣት ያህል ግፉ፤ ድገሙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። መዝጊያውንም ወንፊቱንም አንድ ላይ የነካ ሰው ውጤቱ ሲሻሻል ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም።

ሺህ ፍሬ ጤፍ ተቆጥሮ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። ስለዚህ በስንዴ መውቂያ ላይ የሠራ ነፋስ ለጤፍ ማዕበል ነው። እኛ ሳጥኑን ስንሠራ ያገኘነው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ችግሩ የማራገቢያው ዙር ብቻ አልነበረም፤ ነፋሱ ወንፊቱ ላይ በእኩል አይደርስም ነበር። በቀኝ በኩል ፍሬ ይነጥቃል፤ በግራ በኩል እብቅ እንኳ አያነሣም። በትልቁ ማሽን ውስጥ ተሸፍኖ ስለነበር ይህን ለማየት መንገድ አልነበረንም። ሁለት የላሜራ ክንፍ ውስጡ ስንበይድ ነፋሱ ተካከለ። ላሜራውን ከቁርጥራጭ ክምር አነሣነው፤ ወጪው የኤሌክትሮድ ብቻ ነው።

5. የከበሮውን ፍጥነት በፑሌጃ ፈልጉ

የከበሮው ጥርስ ነዶውን የሚመታበት ፍጥነት በቀላሉ ይሰላል፦ የከበሮው ዲያሜትር በሜትር፣ በ3.14፣ በደቂቃ ዙሩ ተባዝቶ ለ60 ይካፈላል። ሞተራችሁ 2200 ዙር ቢሆን፣ የሞተሩ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ብረት) 120 ሚሊ ሜትር፣ የከበሮው 300 ቢሆን፣ ከበሮው በደቂቃ 880 ጊዜ ይዞራል። ዲያሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጥርሱ በሰከንድ 18.4 ሜትር ይሮጣል። የከበሮውን ፑሌጃ ወደ 360 ብታሳድጉት ወደ 15.4 ይወርዳል።

ሦስት ፑሌጃ በቶርኖ አስወጡና በሦስቱም 20 ኪሎ ነዶ ወቁ። ቀርፋፋው ፍሬ አገዳው ላይ ይተዋል፤ ፈጣኑ ጭዱን ያደቅቀዋል። መሐሉን ለመምረጥ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም።

6. ጎን ለጎን የሚሠራውንና የማይሠራውን ለዩ

ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ነው። ሁሉን በተራ የሚሠራ መኸር ያመልጠዋል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚጀምር ደግሞ ግማሹን ያፈርሳል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው።

መለያው ቀላል ነው፦ የሳጥኑ ሙከራ ውጤት ምንም ቢሆን የማይለወጠውን ሁሉ ዛሬውኑ ጀምሩ። ሻሲው፣ ጎማው፣ የሞተር ማስቀመጫው፣ መጎተቻው ማራገቢያውን አይጠብቁም። የወንፊት ሳጥኑና የነፋሱ መተላለፊያ ግን ይጠብቃሉ። መሐል ላይ ያሉ ነገሮች አሉ፤ ለምሳሌ ሻሲው ላይ ማራገቢያው የሚታሰርበት ቦታ። እነዚህን ሰፋ አድርጋችሁ ተዉላቸው፤ ቀዳዳው 10 ሳንቲ ሜትር ወዲህና ወዲያ የሚያስኬድ ይሁን። በመጀመሪያው ናሙና ላይ ሊለወጥ የሚችል ነገር ሁሉ በቡሎን ይታሰር። በብየዳ የታሰረ በግራይንደር ነው የሚፈታው፤ በእያንዳንዱ መፍታት ላሜራው ይጣመማል፣ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ስለ ዋናው ጥያቄ ደግሞ ሁለት መልስ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ አንድ ጠፍጣፋ ወንፊትና አንድ የሚርገበገብ ወንፊት ጎን ለጎን ሠራን። የሚርገበገበው የተሻለ እንደሚሆን ሁላችንም እናምን ነበር፤ ቁጥሩም እንዲሁ አለ። ነገር ግን ወንፊቱን የሚያርገበግበው ካም ቶሎ ቢሰበር ኖሮ ጠፍጣፋው ተዘጋጅቶ ነበር። ቶዮታ ለአንድ ክፍል ብዙ አማራጮችን እስከ ዘገየ ቀን ድረስ አብሮ በማቆየት ይታወቃል። በእኛ አቅም ብዙ አይቻልም፤ ሁለት ግን ይቻላል፤ ያውም ለሚያስፈራው አንድ ክፍል ብቻ።

7. ገበያ ላይ ካለው ተነሡ

ሥዕሉን ጨርሶ ዕቃ ፍለጋ መውጣት ሳይሆን፣ መርካቶ ዞሮ የሚገኘውን አይቶ ወደ ሥዕሉ መመለስ ይሻላል። ለዘንጉ 28 ሚሊ ሜትር ይበቃል ብሎ ስሌቱ ቢነግራችሁም 30 አድርጉት፤ ዩሲፒ 206 የሚባለው ባለ ቤት ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ቀዳዳው 30 ነው፣ በየሱቁም ይገኛል። የ28ን ኩሽኔታ ስትፈልጉ ሦስት ሳምንት ይሄዳል። ወደፊት ወረዳ ከተማ ላይ ኩሽኔታው ሲበላ ገዢውም እንደዚያው ይቸገራል።

ቡሎኑም እንዲሁ ነው። ሙሉ ማሽኑን በኤም 8 እና በኤም 10 ብቻ እሰሩት፤ የ13 እና የ17 ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉንም ይፈታዋል። አውድማ ላይ የቁልፍ ሳጥን የለም።

ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ሌላ አደጋ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በአሮጌ ዋጋ ውል ገብቶ ሞተር ገና ያልገዛ ወርክሾፕ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ዋጋ ስትሰጡ የሚጸናበትን ቀን ጻፉ፤ ሞተርና ኩሽኔታን ቅድመ ክፍያው በገባ ዕለት ግዙ፤ ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገኝ ዕቃ ንድፉ ውስጥ ካለ ደግሞ ንድፉን ለውጡ።

8. ቀን መቁጠሪያውን ከኅዳር ወደኋላ ቁጠሩ

የእኛ ሰሌዳ ይህን ይመስላል። ጥር ነዶ ይገዛል፣ አንዱ ገጽና የአደጋው ዝርዝር ይጻፋል። የካቲትና መጋቢት የሳጥንና የከበሮ ሙከራ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው ውሳኔ ይመጣል፦ የባከነው ፍሬ ከወሰንነው በላይ ከሆነ ሙሉ ማሽን አይጀመርም። ግንቦትና ሰኔ የመጀመሪያው ናሙና ይገጣጠማል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጣሪያ ሥር ሆነን እስኪሰበር እናስሮጠዋለን። መስከረም ሁለተኛው ውሳኔ ነው። ጥቅምት ሦስት ማሽን እንሠራለን። ኅዳር ሜዳ እንወጣለን።

የውሳኔ ቀን ማለት ሦስት መልስ ብቻ ያለው ቀን ነው፦ ቀጥሉ፣ ይህን ብቻ አስተካክሉና በዚህ ቀን ተመለሱ፣ ወይም አቁሙ። የሚቀጥለው ወር ገንዘብ ከዚያ በፊት አይለቀቅም። መለኪያውን ደግሞ ከሙከራው በፊት ጻፉት። ውጤቱን አይቶ «ይህም ደህና ነው» የማይል ሰው አላየሁም፤ እኔም ብያለሁ።

ለምን ሦስት ማሽን ብቻ? 30 ትእዛዝ ቢኖራችሁስ? ጥፋት ካለ በሦስት ይታያል፤ ሦስቱንም በአንድ ፒክአፕ ዞሮ መጠገን ይቻላል። ሠላሳው ግን በአምስት ዞን ተበትኖ በአንድ ሳምንት ቢቆም ማንም አይደርስለትም።

ሲበላሽም ጥገናውን አታጣድፉ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ነሐሴ ወር ገደማ ያወጣው ጋላክሲ ኖት 7 ባትሪው እየተቃጠለ 2.5 ሚሊዮን ስልኮችን ለመሰብሰብ ተገደደ። ቶሎ ብሎ የሌላ አቅራቢ ባትሪ ያላቸውን ተክቶ ሰጠ፤ እነዚያም ተቃጠሉ፤ ስልኩ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጭራሽ ቀረ። በኋላ እንደታወቀው የሁለቱ ባትሪዎች ጥፋት የተለያየ ነበር። የተሰበረውን ክፍል ከመቀየራችሁ በፊት ስብራቱን በእጃችሁ ያዙና ከየት እንደጀመረ እዩ።

9. የሰውን አካል የሚነካውን ለመጨረሻ አታቆዩ

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው እዚህ ላይ ተረት ብቻ አይደለም፤ የደረቀ ጭድና የናፍጣ ሞተር አንድ ላይ ናቸው። ጭስ ማውጫውን ወደ ላይ አዙሩት፤ ጭዱ ከሚወጣበት ጎንም አርቁት።

ነዶ የሚጎርስበት መተላለፊያ ከአዋቂ ሰው ክንድ የረዘመ ይሁን፤ ከከበሮው በኩል ያለው ግማሹ ደግሞ ከላይ ይሸፈን። ልኬቱን ከመጽሐፍ አትውሰዱ። ከሠራተኞቻችሁ ረጅሙን አቁሙና፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቺንጋው ወጥቶ፣ እጁን እስከ ትከሻው ያስገባ። ጣቱ ጥርሱን ከነካ አስረዝሙ።

ቺንጋና ፑሌጃ በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ። አውድማ ላይ ጋቢ የለበሰ፣ ነጠላ ያጣፋ ሰው ማሽን አጠገብ ይቆማል፤ ልጆች ይሮጣሉ። «አትቅረቡ» ብሎ መጮህ ሽፋን አይሆንም። ሽፋኑም ለጥገና በአንድ ቡሎን የሚከፈት ይሁን። አራት ቡሎን ያለው ሽፋን በሦስተኛው ቀን ተፈትቶ ሣር ውስጥ ይቀራል።

10. ወርክሾፕ ውስጥ እስኪሰበር አስሩጡት

መጀመሪያ የከበሮው ሚዛን ይስተካከል። ሁለት አንግል ብረት በውሃ ልክ አስተካክላችሁ አንጥፉና የከበሮውን ዘንግ በላያቸው አስቀምጡ። በቀስታ አሽከርክራችሁ ልቀቁት፤ የከበደው ጎን ሁልጊዜ ወደ ታች ዞሮ ይቆማል። በተቃራኒው ጎን ቁራጭ ብረት በይዱ፤ የትም ሲቆም እኩል እስኪሆን ድገሙ። ይህ ያልተደረገለት ከበሮ በ880 ዙር ሻሲውን ያንቀጠቅጣል፤ ኩሽኔታውንም ይበላዋል።

ቀጥሎ ቡሎኖቹን ሁሉ አጥብቁና በእያንዳንዱ ላይ፣ ከዳዶው እስከ ላሜራው፣ በነጭ ቀለም ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ማሽኑን ስምንት ሰዓት አስሮጡት። ሲቆም መስመሩ የተሰበረበት ዳዶ ሁሉ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። በቁልፍ መፈተሽ አያስፈልግም፤ በዓይን ይታያል። እኛ በመጀመሪያው ቀን 11 ዳዶ ተንቀሳቅሶ አገኘን፤ ዘጠኙ በአንድ ጎን ነበሩ። መንቀጥቀጡ ከየት እንደሚመጣ በዚያው አወቅን።

ሦስተኛው የአንድ ኪሎ ሙከራ ነው። ነዶ ሳታስገቡ፣ ማራገቢያው ጠፍቶ፣ አንድ ኪሎ ንጹሕ ጤፍ በአፉ ጨምሩና ከታች የወጣውን መዝኑ። 900 ግራም ከወጣ 100 ግራሙ የሆነ ስንጥቅ ውስጥ አለ። ለስንዴ ስንጥቅ ያልሆነ ለጤፍ በር ነው። በየብየዳው መገናኛ ሥር ካርቶን አስቀምጡና ፍሬው የሚንጠባጠብበትን ፈልጉ።

11. ሦስቱን ሜዳ አውጡ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገዢዎች ምን እንደሚገዙ ይወቁ። ማሽኑ አዲስ መሆኑን፣ ዋጋው ለዚያ እንደተቀነሰ፣ ከተበላሸ በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ በጽሑፍ ይሁን። ትርፍ ቺንጋ፣ ኩሽኔታና ወንፊት ከማሽኑ ጋር ይሂድ። ማሽኑ ውስጥ የራሳችሁ አዲስ ነገር ካለ፣ ሜዳ ላይ ለሕዝብ ከማሳየታችሁ በፊት ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሂዱ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ የአምስት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለተጨማሪ አምስት ዓመትም ይታደሳል።

አውድማው ላይ ከማሽኑ ሥርና ከጭዱ መውጫ ሸራ አንጥፉ። ለምሳሌ ከ20 ኪሎ ነዶ 4.6 ኪሎ ጤፍ በመውጫው ቢወጣ፣ ሸራው ላይ ካለው ጭድ ደግሞ 200 ግራም ፍሬ ቢበጠር፣ ብክነቱ 0.2 ሲካፈል ለ4.8 ነው፤ ከመቶ 4.2 ገደማ። ይህን ጠዋት በጤዛው፣ እኩለ ቀን በፀሐዩ፣ ማታም ሠራተኛው ሲደክም ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች የተለያዩ ይሆናሉ፤ የምትጽፉት የከፋውን ነው።

ገዢዎቹ በማሽኑ ሲሠሩ አትንኩባቸው። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ የማራገቢያውን መዝጊያ በተሳሳተ በኩል ሲገፋው እጃችሁን ኪስ ከትታችሁ ጻፉ፦ «መዝጊያው የትኛው ወገን ክፍት እንደሆነ አይታይም»። ሄዳችሁ ካስተካከላችሁለት የሚማረው እርሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ገዢ በዚያው ይሳሳታል። እኛ በሁለተኛው ማሽን ላይ ያደረግነው ቀይና አረንጓዴ ቀለም መቀባት ብቻ ነው።

ማታ ማታ የሦስቱን ማሽኖች ማስታወሻ ደብተሮች አንድ ላይ ክፈቱ። በአንድ ማሽን ላይ ብቻ የታየውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በሁለቱ የታየው ወደ ንድፉ ይሄዳል፤ እጅ ወይም እሳት የነካ ነገር ግን አንዴ ብቻ ቢታይም ሦስቱም ማሽኖች በማግሥቱ ይቆማሉ። ለመመለስ ስትነሡም ፒክአፑን ባዶውን አትመልሱት። ወንፊቱን ያስቸገረውን፣ ጤዛ የበዛበትን ያንን ማሳ ፈልጉና ለመጋቢት የሚሆን ነዶ ከዚያ ጫኑ።